ይቅርብኝ

ተርጓሚው ከሥራው ሁሉ የሚኮራባት አንዲት ቃል ነበረችው። ዛሬ ያቺ ቃል ስትነሳበት ፊቱን የት እንደሚደብቅ ይጠፋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ትልልቆቹን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች «ሰው በስልኩ የሚፈልገውን ሁሉ እየተከታተላችሁ ማስታወቂያ ልትልኩበት ከሆነ፣ መጀመሪያ አስፈቅዱት» የሚል ሕግ አወጣባቸው። እሱ የሚሠራበት ኩባንያም ዓይኑን ሳያሽ እሺ አለ። ማስፈቀዱንስ ያስፈቅዳል፤ እምቢ ባይ እንዳይበዛ ግን ብልሃት ፈለገ።

«‹አልፈቅድም› የሚለው ቁልፍ ደረቅ አለብኝ» አለው አለቃው። «እስቲ ለስለስ አድርገው።»

ተርጓሚው ብዙም ሳይጨነቅ ለፈቃዱ «ይሁን»፣ ለእምቢታው «ይቅርብኝ» ብሎ ጻፈ። ሕጉ አልተጣሰም፣ ቃሉም ስህተት የለበትም። ብቻ «ይቅርብኝ»ን የሚነካ ሰው ጠፋ። አለቃው «አንተ እኮ ጉድ ነህ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ እሱም ደረቱን ነፍቶ ከረመ።

አንድ ቀን እናቱ ቤት ሲሄድ ስልኳ ተደፍቶ፣ ትራስ ተጭኖበት አገኘው።

«ምን አደረገሽ እማዬ?»

«አዋረደኝ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሽንቴን መቋጠር አቅቶኝ... ላንተ እንኳ ያልነገርኩህን፣ መድኃኒት ይኖረው እንደሆነ ስልኩን ጠየቅኩት። ትናንት ለጎረቤቴ የልጅህን ፎቶ ላሳያት ብከፍተው፣ የአዋቂ ዳይፐር ይደረድርልኝ ጀመር! አይታ እንዳላየች ሆነች። እሱ ነው የገደለኝ።»

ተርጓሚው እስከ ጆሮው ጋለ። ስልኩን አንስቶ ፈቃዱ የሚቀየርበትን ገጽ ከፈተ። የገዛ ቃሉ እዚያው ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ይቺን ተጫኚያት፤ ከዚህ በኋላ አይከታተልሽም።»

እናቱ መነጽሯን አድርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ከዚያ ስልኩን ከእጁ መነጨቀችው።

«ያኔ ስልኩ ሲጠይቀኝም አይቻት ትቻታለሁ። ምኑ እንደሚቀርብኝ ሳላውቅ? ትምህርቱ ቀረብኝ፣ አባትህም ሄዶ ቀረብኝ። ይኼ እንኳ አይቅርብኝ ልጄ።»

«እማዬ፣ ምንም አይቀርብሽም።»

«አንተ በምን አወቅክ?»

«የጻፍኳት እኔ ነኝ» ሊላት አፍሮ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አሸሸ። እናቱ ስልኩን መልሳ ትራሱ ሥር ከተተችው።