የሙሉነሽ የጾም ድስት

ዛሬ ጋምቤላ ውስጥ በየምግብ ቤቱ በር ላይ «የጾም አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያየ ሰው ድሮም እንዲህ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ገና ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ ዓሣው እንደ ልብ ነው፣ ሥጋውም አይጠፋም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ግን ወይ ሚስት ያግባ፣ ወይ ዳቦ በሻይ ይዋል፤ ሌላ መላ አልነበረውም።

ሙሉነሽ ይህን ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በሰፈራ ከወሎ መጥታ፣ ሰባት ዓመት በቆሎ ስታርም ኖራ፣ ባሏ ሲሞትባት ማሳውን ለወንድሙ ትታ ከተማ ገባች። ከባሮ ዳርቻ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ትልቅ የማንጎ ጥላ ካለበት፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይታ የዓሣ ወጥና ቅቅል መሸጥ ያዘች። ሥራው ደህና ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ደገኛ ደንበኛዋ ሁሉ እንደ በጋ ባሮ ይጎድልባታል። ባለፈው ዓመት ሁለቱን ወር ዘግታ፣ ወንዝ ወርዳ የሰው ልብስ ስታጥብ ከረመች። ዘንድሮም ከዘጋች ባለቤቱ ቤቱን ለቢራ ሻጭ ሊያከራየው ቆርጧል። ነግሯታል፤ ያውም ዓሣዋን እየበላ።

ስለዚህ አዲስ ድስትና አዲስ ጭልፋ ገዛች።

«ይኼ የጾም ነው» አለቻት ኛቹዎልን። «ሥጋ የነካ ነገር አይጠጋውም።»

ኛቹዎል የኢታንግ ልጅ ናት፤ ኑዌር፣ ሃይማኖቷም ፕሮቴስታንት። ሁለት ዓመት አብረው ወጥ ቤት ሠርተዋል። እሷ ስትቆም የወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ራሷን ይነካታል፤ ሙሉነሽ ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ የምትፈልገውን ሁሉ በኛቹዎል እጅ ነው የምታወርደው።

«ጭልፋው ገባኝ» አለች ኛቹዎል። «ጨዉን ማን ይቀምሳል? አንቺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍሽ ዝግ ነው።»

ሙሉነሽ ይህን አላሰበችበትም። የምትጾም ሴት እጇ ይሠራል እንጂ ምላሷ ሥራ ላይ የለም።

«አንቺ ቅመሺልኝ» አለቻት። «ጎደለ ያልሽውን ሙይበት።»

አሁን የቀረው አቶ መልአኩ ነበሩ። አቶ መልአኩ የአንድ ቢሮ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ የደገኛው ሠራተኛ ሁሉ የጾም ዳኛም እሳቸው ናቸው። በጾም ወራት የሻይ ማንኪያ እንኳ ወተት ነክቶት እንዳይሆን አሽትተው ነው የሚያማስሉበት። እሳቸው የገቡበት ቤት ሁሉም ይገባል፤ እሳቸው አፍንጫቸውን የነፉበት ቤት ይዘጋል።

የመጀመሪያው ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት መጡ። ድስቱን አዩ፣ ጭልፋውን አሸተቱ፣ ጸለዩ፣ ተቀመጡ። ሽሮው፣ ጎመኑና ባሚያው ቀረበላቸው። ጎመኑን ነካ ነካ አደረጉት፤ ሽሮው ላይ ሲደርሱ ግን ወሬ አቆሙ። ሁለተኛ እንጀራ አስጨመሩ።

«ሙሉነሽ» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ፣ «ከእናቴ ቤት ወዲህ እንዲህ ያለ ሽሮ አልበላሁም።»

በማግስቱ ሦስት ሰው ይዘው መጡ፤ በሳምንቱ ስምንት ሆኑ። ድስቱ በየቀኑ ተጠርጎ ስለሚያልቅ፣ ሙሉነሽ ራሷ ዳቦ በሻይ ቀምሳ ታድራለች። ደስታው አጥግቧት ነበር።

ደስ ያላለው ዱዋል ብቻ ነው። ዱዋል የኑዌር ልጅ፣ የቢሮ ጸሐፊ፣ የየዕለት የዓሣ ደንበኛዋ ነው፤ ጾመኛ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም።

«ጋሼ መልአኩ፣ እኛ አገር ቅጠል የሚበላውን በቀንዱ ነው የምናውቀው» ይላቸዋል።

«አንተም ዓሣ በልተህ ቅርፊት አላወጣህም» ይሉታል።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ዓሣ አጥማጆቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሌሎቹ ተመጋቢዎች ወጥተው አቶ መልአኩ ብቻቸውን ድስቱ ሥር የቀረውን ሲያጣጥሙ ዱዋል ገባ። ዓሣ የለም፤ ሽሮ አለ። እያጉረመረመ ተቀመጠ። አንድ ጉርሻ ጎረሰ፤ ቆም አለ። ሁለተኛ ጎረሰ።

«ይኼ ቅቤ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የላም ቅቤ። እናቴ እንግዳ ሲመጣ የምታወጣው ዓይነት።»

ሙሉነሽ እንደ ልማዱ የሚያሾፍ መስሏት ሳቀች። ቀና ስትል ኛቹዎል ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ በመጨረሻ ሙያዋን የሚያውቅላት ሰው ተገኘና ፊቷ በርቷል።

«እህቴ ከኢታንግ በቅል የላከችልኝ ነው» አለች። «ጎደለ ያልሽውን ሙይ አላልሽኝም? ይኼ ከፑኝዶ ስደተኞች ሠፈር የሚመጣው የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ጠዋት ውኃ እንኳ ላልጠጣ ሰው ደረቅ ነገር ይሰጣል? ሥጋ አልሽኝ፤ ሥጋ አላስነካሁትም።»

«አሥር ቀን» አሉ አቶ መልአኩ፣ ሳህናቸውን እያዩ።

«ጋሼ ግን አሽትተው ነበር እኮ» አለ ዱዋል። አቶ መልአኩን ሳል ያዛቸው።

ሳሉ ሲያልፍላቸው ወደ ሙሉነሽ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሆነው ሆኗል። ሌላው ሰው ባይሰማ ይሻላል። አንቺም ቤትሽ አይዘጋም፣ እኔም… ያው እኔም አለሁ።»

ሙሉነሽ ድስቱን ይዛ ባሮ ወረደች፤ በአሸዋ ፈገፈገችው፣ ደግማም ፈገፈገችው። ብትናገር ሰዎቹ ይሸሻሉ፣ ቤቱም ለቢራ ሻጩ ይሄዳል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ «እጅሽ ይባረክ» የሚሏትን በምን ጆሮዋ ትሰማለች? አምነው ነው የበሉት። ድስቱ እንደ መስታወት ሲያበራ ፊቷን አየችበትና ተነሣች።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሰባቱ መጡ፤ አቶ መልአኩ ቀሩ። ገና ሳይቀርብላቸው ፊታቸው ቆመች።

«አሥር ቀን ቅቤ አብልቻችኋለሁ» አለች። «አውቄ አይደለም፤ ግን ቤቱ የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ነው። የዛሬው ንጹሕ ነው። የሚበላ ይብላ፣ የሚሄድ ይሂድ፤ አልቀየምም።» ኛቹዎልንም አቶ መልአኩንም አላነሣችም።

ሦስቱ ተነሥተው ሄዱ። ከቀሩት መካከል ታይፒስቷ ቤርሳቤ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እኔ ደግሞ ዘንድሮ ጾሙ የቀለለኝ በርትቼ መስሎኝ» አለች። «ለንስሐ አባቴ ሁሉ ነግሬአለሁ። በይ አቅርቢው፣ ከዛሬ እንቁጠር።»

አራቱ በሉ። ሽሮው ደረቅ ነበር፤ ማንም ሁለተኛ እንጀራ አላስጨመረም። ሰኞ አምስት ሆኑ። የሄዱት ሦስቱም ሲዞሩ ሰንብተው ተመለሱ፤ ይቅርታ ያስተማራቸው ዳቦና ሻይ ነው። ኛቹዎልም መቅመሷን ቀጠለች፤ የቅቤው ቅል ግን ቤቷ ገባ።

አቶ መልአኩ የመጡት በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ነው። ንስሐ አባታቸው ስግደት ጨምረውባቸው ኖሮ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ዱዋልን ላለማየት ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጭልፋውን አላሸተቱም። አንገታቸውን ደፍተው በሉ፤ ሽሮውን ጨረሱት።

ኛቹዎል ጭልፋዋን ይዛ በላያቸው ቆመች።

«ጣፈጠ?» አለቻቸው።

አቶ መልአኩ ትንሽ አሰቡ። «የለም» አሉ። «አልጣፈጠም።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አለች ኛቹዎል፤ ሳህናቸውን ጠጋ ሲያደርጉላት ጨመረችላቸው።