ከአዛለች ቀጥሎ ማን ያጠልቃል?

አዛለች ወደ ሱቄ ስትገባ ሰላምታ አላስቀደመችም። "ጋሼ እስጢፋኖስ፣ ትንንሽ የመነጽር ሌንስ መቁረጥ ይችላሉ? የካፖርት ቁልፍ የሚያህሉ?" አለችኝና የራሷን መነጽር አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። እጇን የብየዳ ፍንጣሪ ነቁጦታል።

"መጀመሪያ እንደምን ዋሉ ይባላል" አልኳት።

"ተናድጄ ነው፤ ሲበርድልኝ እላለሁ።"

ወዲያው ወደድኳት። እኔም ስናደድ ሰላምታ ይጠፋብኛል።

ሱቄ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ከተማ ሰዓት ሲጠግን ኖረ፤ እኔ መነጽር ጨመርኩበት። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሸብቼ፣ ዛሬም "ለመሆኑ አገርህ ወዴት ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። ዘር ቆጣሪ ሰው ስለዚህ አልወድም። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ልለፍ፣ ስለ አዛለች ሳወራ ድምፄ ከፍ ቢል እንዳትታዘቡኝ።

አዛለች የዲምቱ ልጅ ናት። አባቷ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ቀጥቃጭ እኛ ዘንድ እንዴት እንደኖረ አገር ያውቃል፤ ማረሻውን ይወስዱለታል፣ እሱን ግን ከማዕድ ያርቁታል። ልቅሶ ቤት ሲሄዱ እናቷ አጥር ሥር ትቀመጥ ነበር። ሳህን እንዳትነካ ምግቧ በኮባ ቅጠል ይቀርብላታል፣ የምትጠጣውም ለእሷ ብቻ በተለየች ቅል ነው። "ዓይናቸው ይበላል" ይባላላ! ዛሬ ሕጉም ሰባኪውም ይህን ያወግዛል። አፍ ትቶታል፣ ሆድ ግን ገና አልተወውም።

በዚህ ላይ አዛለች ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም። ዱቦ ሐኪም ቤት ወስደዋት ወፍራም መነጽር ባደረገች ሰሞን የትምህርት ቤት ልጆች "ሁለት ዓይን ያለው ቡዳ ካስፈራ፣ አራት ያለውማ በሬ ከነቀንዱ ይውጣል!" አሉ። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው። ያኔም አላለቀሰችም። አንዱን ልጅ በአራቱም ዓይኗ አፍጥጣ ብታየው ከክፍል ወጥቶ ሮጠ። "ከዚያ በኋላ አግዳሚ ወንበሩ ለብቻዬ ሆነልኝ፣ እንደ ልቤ ተዘርግቼ ተማርኩ" ትላለች። ሶዶ መጥታ ብየዳ ተማረች፤ በርና መስኮት ከሚሠሩ ዘንድ ተቀጠረች። በከተማችን ስንቱ የግቢ በር የእሷ እጅ እንዳለበት ባለቤቶቹም አያውቁም።

ዘንድሮ አንድ የግል የሙያ ማሠልጠኛ የብየዳ አሠልጣኝ እንደሚፈልግ ሰማች። ማስተማር የልጅነት ምኞቷ ነበርና ተወዳደረች። ለመጨረሻው ዙር ስድስት ሰዎች ቀሩ፤ ቦታው ሁለት ነው። ፈተናው ግን በእውነተኛ ብረት አይደለም። ማሠልጠኛው ቪአር የሚሉትን፣ ዓይን ላይ የሚታሰር ጥቁር ሳጥን አስመጥቷል። ስታጠልቀው ብረቱም እሳቱም ጭሱም ፊትህ ይመጣል፤ በእጅህ የጨበጥከው ተራ ፕላስቲክ የኤሌክትሮድ መያዣ ሆኖ ይታይሃል። ብየዳህ ተጣመመ፣ ፈጠነ፣ ዘገየ፣ ሁሉን ታዝቦ ነጥብ ይሰጥሃል። ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ሳጥን ተራ በተራ እየተለማመዱ ቆይተው ይፈተናሉ።

የአዛለች መነጽር ሳጥኑ ውስጥ አልገባም አለ። ስትገፋው የመነጽሯ ሌንስ ከሳጥኑ ሌንስ ጋር ተፋጨ። የወርክሾፑ ኃላፊ መምህር ይስሐቅ "በፍጹም! ሊጫር ነው፣ አውልቂው!" ብሎ ጮኸ። "ደግሞስ አንቺ የሚያስቸግርሽ ሩቅ ማየት አይደል? ይሄ እኮ ቅንድብሽ ላይ ነው ያለው።"

አወለቀች። ብረቱ ጉም ለብሶ ታያት።

ነገሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። ስዕሉ አፍንጫህ ሥር ቢሆንም፣ የሳጥኑ ሌንስ ብርሃኑን የሚያጥፈው ከአንድ ሁለት ሜትር ርቀት እንደመጣ አድርጎ ነው። ውጭ ሩቅ የማያይ ሰው እዚያ ውስጥም ሩቅ አያይም። ይስሐቅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ መመሪያው ላይ "መነጽር ያውልቁ" የሚል አንብቧል። "በቃ፣ ይሄ ዙር ቢቀርብሽስ?" አላት። ሰላምታ ጠፍቶባት ሱቄ የገባችው ከዚያ ወጥታ ነው።

"በስልኬ አይቻለሁ፤ ውጭ አገር ሳጥኑ ውስጥ የሚገጠም፣ በየሰው ዓይን ልክ የተሠራ ሌንስ አለ" አለችኝ።

"ውጭ አገር ነዋ!"

"የውጭ አገሩ ሌንስ ነው፤ እርስዎ ጋ ያለውስ ምንድን ነው? ቅቤ ነው?"

ሌንሱን በዓይኗ ልክ ቆረጥኩላት። ያስቸገረን ሌንሱን የሚይዘው ቀለበት ነው። ብረት ቢሆን የሳጥኑን ሌንስ ይቧጭራል፤ ገበያ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ወፍሮ ሽፋሽፍቷን ይገፋል። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ገና ማለፉ ነበር፣ በየግቢው የታረደውን በሬ ቀንድ ውሻ ይጎትተዋል። አዛለች አንዱን አንስታ መጣች። አባቷ ለቢላዋ እጀታ ቀንድ ሲያለሰልስ እያየች ነው ያደገችው። ቀቀለችው፣ ሲለሰልስ በሁለት ብረት መካከል ተጫነችው፣ ከዚያ በሞረድ ያዘችው። ሱቄ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ወጣብኝ። ተቆጣሁ፣ ጮህኩ፤ እሷ ሞረዷን አላቆመችም። በስተመጨረሻ እንደ ጥፍር የሳሱ ሁለት ቀለበቶች ወጡላት። በጣት ይገባሉ፣ በጣት ይወጣሉ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ስለሚያርፉ የሳጥኑን ሌንስ አይነኩም። ስትጨርስ ነቅላ ኪሷ ትከታቸዋለች፣ ቀጣዩ ሰው በራሱ ዓይን ይገባል።

"ጋሼ፣ ፍንጣሪው ሳይቀር ይታየኛል!" ብላ ከወርክሾፑ ደወለችልኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ደስታዋን ያልወደዱት ግን ነበሩ። እሷ ሳጥኑን ስታወልቅ ቀጣዩ ተረኛ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ሌላው የጫማ ማሰሪያ ያጠብቃል፤ የእሷ ገላ ያሞቀው ሳጥን እስኪቀዘቅዝ ማለት ነው። አዛለች ይህን ታያለች። ከተወዳዳሪዎቹ በሙያው የሚበረታው ዳና የሚባል የሁምቦ ልጅ፣ እጁ ለብየዳ የተፈጠረ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ይስሐቅ ደወለልኝ።

"ጋሽ እስጢፋኖስ፣ የእርስዎ ቀንድ ቪአሩን አበላሸው! ይምጡና ይዩ!"

ሱቄን ዘግቼ በንዴት ሄድኩ። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ቆመዋል። የሳጥኑ ሌንስ ድፍርስ ብሏል። "ብዥ ነው የሚለን። እሷ ትላንት ከነካችው በኋላ ነው" አለ ዳና፣ ወደ አዛለች ሳያይ። ይስሐቅ ከውድድሩ ሊያስወጣት አፉን ከፍቶ ነበር። አዛለች ግን ሳጥኑን ከእጁ ወስዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችውና አሸተተችው።

"ነጭ ሽንኩርት" አለች።

ሳጥኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም አሸተተ፣ ሁሉም አወቀ። ቡዳ እንዳይበላ ነጭ ሽንኩርት መያዝ የቆየ ነገር ነው፤ ለልጅ አንገቱ ላይ ያስሩለታል። ቪአር ሌንስ ላይ የቀባ ሰው ግን አልሰማሁም። ዳና መሬት መሬት አየ።

"እናቴ ናት የሰጠችኝ። ዙሪያውን ብቻ ነበር ልቀባ ያሰብኩት... ለጥንቃቄ ያህል ነው" አለ።

እሁድ ቸርች እጁን ዘርግቶ የሚዘምር ልጅ! በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው፤ የሚፈተንበትን ዕቃ ራሱ አደፈረሰው። ልሰድበው አፌን ስከፍት አዛለች ክንዴን ያዘችኝ። የመነጽሯን ጨርቅ አውጥታ ሌንሱን ጠራረገችው። ጠራ። ለምልክት የሚሆን ጭረት እንኳ የለበትም።

"ሎኦ! ሎኦ! ደግ ነው፣ ነገሩ አለቀ" አለ ይስሐቅ፣ ላቡን እየጠረገ። ዕቃ ቤት ገብቶ ለመጠባበቂያ የተቀመጠ ሌላ ሳጥን ከነካርቶኑ ይዞ ወጣ። "አዛለች፣ አዲስ ነው። ይሄ ላንቺ ብቻ ይሁን። ቀለበትሽም እንደተገጠመ ይቆያል፣ ማንም አይነካብሽም። ፕራክቲካሉንም በዚሁ ትፈተኛለሽ። ሰላም እንሁን።"

እኔ ተገላገልን ብዬ ነበር። አዛለች ካርቶኑን ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"መምህር፣ እናቴ እስክትሞት ድረስ ለብቻዋ በተለየች ቅል ጠጣች። ቅሏም አዲስ ነበረች። ማንም አይነካባትም ነበር።"

ቅድም ተገላገልን ማለቴ አሳፈረኝ።

"እኔ... ለማስታረቅ ነው እንጂ ለዚያ አይደለም" አለ ይስሐቅ።

"አውቃለሁ። እናቴን የሚጋብዟትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እኔ ግን በዚህ በሁላችን ሳጥን ነው የምፈተነው፤ በተራዬ፣ እንደ ሁሉም።"

"ሌሎቹ ከአንቺ በኋላ አናጠልቅም ብለው ቢወጡስ? ውድድሩ ይሰረዛል። ቦታው ይቀርብሻል እኮ!"

"ይቅርብኛ! ለብቻዬ ተለይቶ የተሰጠኝን ቦታ ይዤ ማንን ላስተምር ነው?" አለችና የመነጽር ጨርቋን አጥፋ ኪሷ ከተተች። እኔ ግን ክንዷን ይዤ ላስቆማት ቃጥቶኝ ነበር፣ ያ ቦታ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁና።

የፈተናው ዕለት ሱቄን አልከፈትኩም። ዕጣ ሲወጣ አዛለች ሁለተኛ፣ ዳና ሦስተኛ ሆኑ። እግዜር ሲፈልግ እንዲህ ይጫወታል። ይስሐቅ "ብትፈልጊ መጨረሻ ላይ..." ሲል "ዕጣዬ ነው" አለችው። የመጀመሪያው ተፈታኝ ሲጨርስ ላቡ ያልደረቀውን ሳጥን ተቀብላ ቀለበቶቿን ገጠመችና አጠለቀች። የምታየውን እኛ አናይም፤ እጇን ግን አየሁት። አንድ ወጥ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ስታወልቅ ግንባሯ ላይ የሳጥኑ ምልክት ቀልቶ ቀርቷል። ቀለበቶቿን ነቀለችና ሳጥኑን ወደ ዳና ዘረጋች።

ይስሐቅ አልኮልና ጨርቅ ወደ ዳና አስጠጋ።

"እኔ ስቀበል አልተጠረገም" አለች አዛለች። እጇን አላጠፈችም።

ዳና ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ። ከኋላው ያሉት ሦስቱ እሱ የሚያደርገውን ሊያደርጉ እንደሚጠብቁ ያስታውቃል። እሱ እምቢ ካለ ሁሉም ነገር አከተመ፤ እሷም አሠልጣኝነቱን ትሰናበተው። ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ ሳጥኑን ከእጇ ተቀበለና እንደሞቀ ዓይኑ ላይ አሰረው። መጀመሪያ እጁ ቸኮለ፣ በኋላ ረጋ። ሲጨርስ ሦስቱም ያለ ወሬ ተራ በተራ አጠለቁ። አልኮሉ እንደተከደነ ቀረ።

ውጤቱን ይስሐቅ ከስክሪኑ ላይ አነበበ። አንደኛ ዳና፣ ሁለተኛ አዛለች። ሁለቱም አለፉ። እኔ ማጨብጨብ ጀምሬ ብቻዬን መሆኔን ሳይ አቆምኩ፤ ሰው ሁሉ የሚያየው አዛለችን ነው። እሷ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ጠየቀች።

"እስቲ ንገሩኝ፤ ቡዳ የበላው ሰው አንደኛ ይወጣል?"

መጀመሪያ የሳቀው ይስሐቅ ነው፣ ከዚያ ሌሎቹ። ዳና አልሳቀም። ጆሮው ቀልቶ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"አዛለች፣ እናቴ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?"

"ከአዛለች ቀጥዬ አጠለቅኩ በላት" አለችው። "ካላመነችህ ይዘሃት ና። እሷም ከእኔ ቀጥላ ታጠልቃለች።"