ለሁለት ያዞርነው መሪ

በ1966 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው፤ ዱብቲ ጥጥ የሚለቀምበት ወቅት። ልጄ ዛሬ ሩቅ ናት። ስትናፍቀኝ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የጥጥ እርሻ ሠራተኛ አግብታ ዱብቲ ከሄደች ሁለት ዓመት ዓይኗን አላየሁም ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ብዬ አዋሽ ቤቴን አሰናድቼ ስጠብቃት፣ «እርግዝናዬ ገፍቷል፤ መንገዱን አልችለውም። እማዬ፣ አንቺው ድረሺልኝ» የሚል መልእክት መጣ።

የእርሻው ሾፌር ጋሽ ሰይድ፣ ወሎዬ ናቸው፣ በአሮጌ የአሜሪካ መኪና ወደዚያው ሲመለሱ አሳፈሩኝ። «የአለቆች መኪና ነበረች፤ መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል» አሉኝ።

ገዋኔን እንዳለፍን መሪው ያቃስት ጀመር። ከዚያ ደነደነ። ጋሽ ሰይድ ወርደው ጎማዎቹን በእግራቸው መቱ፤ ደህና ናቸው። «ጭነት ከብዷት ይሆናል» ብለው ለልጄ የያዝኩትን የገንፎ ዱቄትና ቅቤ አወረዱ። መሪው ያው ነው።

«በዚህ በሽተኛ ትከሻዬ አላዞራትም። እዚሁ ማደራችን ነው» አሉ። እኔ የማስበው የልጄን ምጥ ነበር።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ቆመልን። ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ቱቦ ዳሰሰና ጣቱን አሸተተ።

«ቱቦው ተቀዶ የመሪው ዘይት ፈስሶ አልቋል። የዘይቱን ፓምፕ የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን ልፍታው፤ በደረቁ ከዞረ ይቃጠላል።»

«ከዚያስ መሪው በምን ይዞራል?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«በጉልበት። መሪውን የሚያቀለው አጋዡ ነው የሞተው፣ መሪው አለ። ሲሮጥ ይቀላል፤ ኩርባ ላይና ግመል ሲገባባችሁ ይከብዳል።» ወደ እኔ ዞረ። «እናት፣ እርስዎ ከጎን ይሳቡ። ሊጥ ያቦካ ክንድ ይህ አያቅተውም።»

ዱቄቱንና ቅቤውን ራሱ መልሶ ጫነልን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። በጸሎቴ «ያ መንገደኛ» እያልኩ አነሳዋለሁ።

መሪ ነክቼ አላውቅም ነበር። ኩርባ በመጣ ቁጥር እሳቸው «ያ አላህ»፣ እኔ «እመቤቴ» እያልን ሳብን። አንዴ ዝም ብዬ ብስብ፣ «እትዬ፣ እመቤቴን ይጥሯት እንጂ፤ ዝም ሲሉ ይከብደኛል» አሉኝ።

ሲመሽ ዱብቲ ገባን። ልጄ እጄን ጨብጣ አማጠች፤ ሳይነጋ በሰላም ተገላገለች።

በማግስቱ ጠዋት «እማዬ፣ እቀፊው» አለችኝ። ያን ሁሉ ናፍቄ፣ መሪ ሲስቡ የዋሉት ክንዶቼ አልነሳ አሉ። ባሏ ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስተኛልኝ። አንገቴ እሺ ይለኝ ነበርና ጎንበስ ብዬ አናቱን አሸተትኩት።