ምናሉ ረጅሙን ትራክ መረጠ

ምናሉ ኮሜርስ ሲቲ በሚባል ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። አዲስ ነገር ሲያምረው መጀመሪያ ቪዲዮ ያያል፤ ካየ በኋላ ደግሞ የተካነበት ይመስለዋል። በዚህ ጠባዩ ከራሱ በላይ የሚስቅ የለም። ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማቸው ውስጥ ቧንቧ እጠግናለሁ ብሎ የታችኛውን ጎረቤት ያጥለቀለቀው እሱ ነው።

ባለፈው ዊንተር ሚስቱ ሄራን፣ «ለልደቴ ስጦታ አልፈልግም፤ ተራራ ወጥተን ስኖውሞቢል እንንዳ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምናሉ በምሳ ሰዓት ስልኩ ላይ ተተከለ። ይህ የበረዶ ሞተር ከፊት ሁለት መንሸራተቻ ስኪ፣ ከሥሩ ደግሞ በጎማ ፈንታ የሚሽከረከር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ አለው፤ ትራክ ይሉታል። አጭርም ረጅምም አለ። ምናሉ ሳይውል ሳያድር ለሥራ ጓደኞቹ ያስተምር ጀመር። «ረጅሙ ነው! በረዶ አይውጠውም።» ያያቸው ቪዲዮዎች በሙሉ መንገድ በሌለበት ጥልቅ በረዶ ላይ የሚወጡ ሰዎችን የሚያሳዩ መሆናቸውን ልብ አላለም።

ማከራያው ጋ ሲደርሱ አከራዩ፣ «የምትሄዱት በተደለደለው መንገድ ከሆነ አጭሩ ይሻላችኋል፤ ኩርባ ላይ እሺ ይላል» አላቸው።

«ለኔ ረጅሙን» አለ ምናሉ፣ በረዶ ላይ እንዳደገ ሰው ኮራ ብሎ። ሄራን የተመከረችውን አጭሩን ወሰደች።

ቀጥታው ላይ ረጅሙ ተደላድሎ ነጎደ። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ምናሉ መሪውን ጠመዘዘ፤ ማሽኑ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጥ ብሎ ጥዶቹ መሃል ገባ። ደግነቱ ረጅሙ ትራክ ለስላሳ በረዶ ላይ ጎበዝ ነውና በቀላሉ ወጣ። ሁለተኛው ኩርባ ላይም ያው ሆነ።

«ምኔ፣ እንቀያየር?» አለች ሄራን።

«ማሽኑ ነው እኮ!»

«እሺ፣ ማሽኑ ነው።»

ተቀያየሩ። አጭሩ በእርግጥም ገና ሲነኩት ይታጠፋል። ምናሉ በደስታ ልቡ ጠፍቶ ጋዙን ረገጠ ልንል ብንችል ጥሩ ነበር፤ ጋዙ ግን አውራ ጣቱ ሥር ስለነበር እሱን ጨመቀ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ ከመንገዱ ወጥቶ በረረና አጭሩ ትራክ እየቆፈረ እስከ መቀመጫው ሰመጠ። ከኋላው ሄራን በዚያው እምቢተኛ ረጅም ማሽን ቀደም ብላ ፍጥነት ቀነሰች፤ ወደ ውስጥ ዘንበል አለችና ኩርባውን አለፈችው። ከዚያ አቁማ ሄልሜቷን አወለቀች።

«ይኼኛውስ?»

ምናሉ ወገቡ ድረስ በረዶ ውስጥ እንደቆመ ሳቁ አመለጠው። ሳቁ ሳያቆም በእጃቸው ሲቆፍሩ ቆዩ፤ በኋላ ጎብኚዎች ይዞ ያለፈው አከራይ በገመድ ጎተተላቸው። ሰውየው «ነግሬህ ነበር» አላለም፤ ይኼ ነው ምናሉን ይበልጥ ያሳፈረው።

ሰኞ ምሳ ላይ ታሪኩን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ አወራው፣ አወዳደቁን ሳይቀር እየተወነ።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?» አሉት ጓደኞቹ።

«ለመንገድ አጭሩ። ለኔ ግን ሄራን የምትነዳው፣ ከኋላዋ የምቀመጥበት።»