የመፋቂያው ጫፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ፒንሳ» ነው የሚላት። አንዴ የያዘችውን አትለቅም ለማለት ነው። በዕድሜ የሚያንሷት «እትዬ ፒንሳ» ይሏታል። ጋራዡን ትቶላት ያለፈው ባሏ ነው፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። አሁን የምትሠራው ከባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከዋርሳዋ ጋር ነው። እሱ ጎማውን፣ ፍሬኑንና መሪውን ይይዛል፤ ሞተር የእሷ ነው።

ሙያውን የተማረችው ተመዝግባ አይደለም። አዲስ ሙሽራ ሳለች ለባሏ ምሳ ይዛ ትመጣና ሳህኑ እስኪመለስላት ቆማ ታያለች። ቆሞ ማየቱ ሲሰለቻት ብሎን በቤንዚን ማጠብ ጀመረች። አንድ ቀን ባሏ ሦስት ቀን ሙሉ የታገለውን ሞተር ከበሩ ላይ ሆና አዳመጠችና «ሁለተኛው ሲሊንደር አይሠራም፤ በሦስት እግሩ ነው የሚሄደው» አለችው። ባሏ እየሳቀ ከፈተው። እንዳለችው ነበር። ከዚያ በኋላ ምሳ የሚያመጣው እሱ ሆነ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስሟ የተነሣው ግን በአንድ ሥራ ነው፤ ቫልቭ በማጽዳት። በድሮዎቹ ሞተሮች ቤንዚኑ በአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ጀርባ ላይ ስለሚያልፍ እግረ መንገዱን ያጥባቸው ነበር። በአዲሶቹ ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፤ ቫልቮቹን የሚያጥብ የለም። ከሞተሩ ሆድ የሚመጣው የዘይት እንፋሎት እላያቸው ላይ እየተጋገረ እንደ ድስት ቂጥ ያጠቁራቸዋል። መኪናው ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ፒንሳ ነው የሚመጣው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። አየር የሚያከፋፍለውን ማኒፎልድ ታወርዳለች፣ ሞተሩን በእጇ እያዞረች የተራውን ሲሊንደር ቫልቮች ትዘጋለች፣ ካርቦኑን በፈሳሽ ታርሳለች፣ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን መፋቂያ ትፍቃለች። ከዚያ እንደ አሸዋ የደቀቀ የፍሬ ቅርፊት በአየር ግፊት ትረጭበትና የተራገፈውን ሁሉ በመምጠጫ ማሽን ትስባለች። በዚህ ሥራ ላይ የሚያስፈራው ነገር አንድ ነው፤ መግባት የሌለበት ነገር ውስጥ መቅረቱ።

ለማንም ያልነገረችው ጉዳይ ነበራት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቀኝ ዓይኗ ላይ ጉም ወርዶበታል። መጀመሪያ መነጽሯን ወቀሰች። ቀጥላ አምፖሉን ወቀሰችና ሁለት ትልልቅ መብራት አስገባች። ዋርሳዋ «ምነው እትዬ፣ ጋራዡን ስታዲየም አደረግሽው» ብሎ ቀለደባት፤ እሷም አብራው ሳቀች። ብቻዋን ስትሆን ግን ግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍንና የግድግዳውን ሰዓት ለማየት ትሞክራለች። ቁጥሮቹ አይታዩም። ሰዓቱ ራሱ ነጭ ጭጋግ ነው። ዓይን የሌለው መካኒክ ማን ይፈልገዋል ብላ ዝም አለች። ያላየችውን በጣቷ እየዳሰሰች መሥራት ለመደች።

በዚህ መሃል ነው የአንድ መምህር ነጭ መኪና የመጣው። መምህሩ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሸለቆውን ወርዶ ማዶ ያሉትን አማቱን ሊጠይቅ አስቧል። ፒንሳ ሐሙስና ዓርብ ስትፍቅ ዋለች። ቅዳሜ ማለዳ ሞተሩን ስታስነሣው ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስልሶ ነበር። መምህሩ አመሰገናት፤ ልጁም ከኋላ መቀመጫ እጇን አወዛወዘችላት። ወጡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያዎቿን ታጥብ ጀመር። መፋቂያውን በጨርቅ ይዛ አውራ ጣቷን ጫፉ ላይ አሳለፈች። ሊወጋት ይገባ ነበር፤ አልወጋትም። እንደገና ዳሰሰችው። የታጠፈው ጫፍ የለም። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጠንካራ ብረት ተሰብራ ሄዳለች።

እጇ ላይ ያለው ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማታል፤ ሌላ ምንም አይሰማትም።

ዋርሳዋን ስትጠራው ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። የመምጠጫ ማሽኑን ሆድ ጋዜጣ ላይ ገልብጠው ጥቁሩን ብናኝ በማግኔት ዳበሱት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የሥራ ጠረጴዛውን፣ ወለሉን፣ የቱታዋን ኪስ ሳይቀር አዩ። የለችም።

«ቀድሞ የተሰበረ ቢሆንስ?» አለ ዋርሳዋ።

«ዓርብ ጠዋት ወግቶኛል። ደምቻለሁ እኮ።»

«እሺ፣ ሞተሩ ሰላም ነው የሄደው። ገብታ ቢሆን እዚሁ ታንኳኳ ነበር።»

«የሆነ ቦታ ተለጥፋ ይሆናል» አለች። «ዘይት ይዟት ይሆናል። ስትላቀቅ ቫልቩ ሥር ትገባለች። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ድንገት ቢጠፋ ፍሬኑ ምን ይሆናል? አንተ ነህ የፍሬን ሰው፣ ንገረኝ።»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ እርዳታ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። ሸለቆው ደግሞ መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው፤ ባንድ በኩል ገደል።

መምህሩ ዘንድ ደወለች። ስልኩ አይጠራም። ሸለቆው ውስጥ ኔትዎርክ የለም። አምስት ጊዜ ደወለች፤ በስድስተኛው ጣቷ ቁልፉን ሳተ።

«የመኪናህን ቁልፍ አምጣ» አለችው።

«እትዬ፣ እስቲ ረጋ በይ። ደርሰው ይደውሉ ይሆናል። ደግሞ ተከትለናቸው ሄደን ምንም ባይሆንስ? ስምሽን በከንቱ...»

«ልጅቷ እጇን አወዛወዘችልኝ» አለች።

እሱ ነዳ። እሷ ጎኑ ተቀምጣ የመሣሪያ ሳጥኑን እግሯ መሃል ይዛለች። አስፋልቱ ቁልቁል መጠምዘዝ ጀመረ። በየመታጠፊያው የገደሉን ጠርዝ ታያለች፤ የጎማ ምልክት፣ የተሰበረ አጥር፣ የሚጨስ ነገር ትፈልጋለች። ደግሞ እንዳታገኝ ትጸልያለች። አንድ መታጠፊያ ላይ ከታች ነጭ ነገር በጎኑ ተጋድሞ ታያት።

«ያውና» አለች በጣቷ እያመለከተች። «ያውና ተገልብጧል።»

ዋርሳዋ ፍሬን ያዘ። ካየ በኋላ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«እትዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው።»

ቀኝ ዓይኗን ጨፍና እንደገና አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት በኋላ፣ ቀስ ብሎ።

«ሁለት ዓመት።»

ማርሽ አስገባና ጉዞውን ቀጠለ።

ሦስት መታጠፊያ አልፈው ሰው ተሰብስቦ አዩ። አንድ ጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ ነው የቆመው፤ ሰዎቹ ጎማ ሲቀይሩ ቆመው የሚያዩ ናቸው። ዋርሳዋ መስኮት ዝቅ አድርጎ ስለ ነጭ መኪና ጠየቀ። አንዱ ወደ ታች ጠቆመው፤ «አሁን አለፈ፣ ልጅ ያለችበት።»

ያገኟቸው ወደ ድልድዩ ሊደርሱ ሲሉ ነው። ልጅቷን መንገዱ እያዞራት በየቦታው ሲቆሙ ነው የመጡት፤ አሁንም ጥላ ያለበት ሜዳ ላይ ቆመዋል። ሞተሩ ጠፍቷል። ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣለች። ፒንሳ መፋቂያውን ይዛ ከመኪናው ወረደች።

«እትዬ? ምን ሆኑ?» አለ መምህሩ።

ጫፉ ተሰብሮ የት እንደገባ እንዳልታወቀ ነገረችው። መፋቂያውን አሳየችው። ሚስትየው ሰምታ ስትጨርስ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

«እኛ እኮ ልጅ ይዘን ነው የወረድነው» አለች፤ ድምጿን ሳታነሣ። «ማየት ካልቻሉ ለምን ይሠራሉ?»

ስለ ዓይኗ ያነሣ ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ያለችው በግምት ነው። ፒንሳ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነበርና አንገቷን ደፋች።

«ልክ ነዎት» አለች። «አሁን ግን ልክፈተው።»

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ማኒፎልዱን ፈታችው፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከብሎኑ ላይ ተንሸራተተባት። ሲነሣ አራቱም የአየር ቀዳዳዎች ተገለጡ። ዋርሳዋ ባትሪ አበራላት። አጎንብሳ አየች፤ በግራ ዓይኗ፣ ከዚያ በጣቷ። ምንም። ከዚህ ከሌለች ወይ ወደ ሲሊንደሩ ገብታለች፣ ወይ ከጭሱ ጋር ወጥታለች፤ የትኛው እንደሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ አይታወቅም።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች ልጅቷ። መቼ እንደተጠጋች አላወቁም። የምታየው ሞተሩን አይደለም፤ የወረደውን ማኒፎልድ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ ከጎማው ማሸጊያ ጎን፣ ጥቁር ዘይት በተጠራቀመበት ጠርዝ አንዲት ቀጭን ነገር ብልጭ ትላለች።

ዋርሳዋ ማግኔቱን አስጠጋ። ጠቅ ብላ ተጣበቀች።

ፒንሳ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ከመፋቂያው ስብራት ጋር ገጠመቻት። ልክ ገባች። ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጠችና የቱታዋን እጅጌ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ማንም አልከለከላትም።

ሞተሩን ስትገጥም ዋርሳዋ እያንዳንዷን ብሎን አብሯት አየ። መምህሩ ግን ያን ቀን ሸለቆውን አልተሻገረም። ሚስቱ አሻፈረኝ አለችና ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እሱ በራሱ መኪና፣ ሚስቱና ልጁ በዋርሳዋ መኪና። መንገዱን ሁሉ ሴትየዋ ከፒንሳ ጋር አልተነጋገረችም። ሲደርሱ ብቻ፣ ከመውረዷ በፊት፣ «ስለ መጡልን...» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው በሩን ዘጋች።

ሰኞ ዕለት ዋርሳዋ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሣል አለቻት። ፒንሳ መፍራቷ አልቀረም። ስንት ሞተር የከፈተች ሴት የራሷ ዓይን ሊከፈት ነው ሲሏት ከወንበሩ ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደች። ዋርሳዋ ክንዷን ይዞ መለሳት። «እትዬ፣ አንቺ ቫልቭ ስታጸጂ ሞተሩን ፈቃድ ትጠይቂዋለሽ?» አላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋሻው ተነሣ። ጋራዡ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው፤ እንዲያ የቆሸሸ መሆኑን አላወቀችም ነበርና ተናደደች። ግማሽ ቀን ስታስጠርገው ዋለች።

ፍርሃቱ ግን ከሞራው ጋር አልተነሣም። ደንበኛ መኪናውን ይዞ ሲወጣ ደረስኩ ብሎ እስኪደውል ስልኳን ከእጇ አታወጣም። ማኒፎልድ ከመግጠሟ በፊት መፋቂያዎቹን አንድ በአንድ ለዋርሳዋ ታሳየዋለች፣ እሱም ጫፋቸውን በአውራ ጣቱ ይነካካል። አንዳንዴ ጠንከር አድርጎ ይነካና ይደማል።

«በቃ፣ ሙሉ ነው፤ ግጠሚው» ይላታል፣ ጣቱን እየመጠጠ።