እርድና ሳሙና

ልጅ ሳለሁ መካኒሳ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላቸው ሰዎች ቢኖሩ እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበርን። ሰፈሩ በሙሉ «ኤጭ! ደግሞ ጠፋ?» እያለ ሲያማርር፣ እኛ ግድግዳ እየዳበስን በጓሮ በኩል ወደ ሰርቪስ ቤቷ እንሮጥ ነበር። እዚያ የሚኖረው አጎታችን ጌታሁን ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። የሳይንስ አስተማሪ ነበር። ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቶ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ «ሌላ እስካገኝ» ብሎ አንድ ሻንጣ ይዞ መጣ፤ ያቺ «እስካገኝ» ስንት ክረምት እንደባጀች እግዜር ይወቀው። እናቴ የራቱን ሳህን ስታቀርብለት ጠረጴዛው ላይ ጧ! ታደርገው ነበር። ያኔ ልጅ ነኝና ሳህን ሁሉ እንደዚያ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በጣሳ ክዳን ላይ የቆመች ሻማ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አስካለ ራት ከሠራችበት የተረፈውን ፍም ይዛ የምታስቀምጣት የከሰል ምድጃ። አስካለ የቤታችን ሠራተኛ ነበረች፤ ከወሊሶ ገጠር የመጣች፣ ሃያ ዓመት የሞላት የማትመስል፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ። «ምድጃውን ላድርስ ብዬ ነው» ትልና በሩ ላይ ትቆማለች። ተረቱ እስኪያልቅ ግን ንቅንቅ አትልም። ወንድሜ «ግቢና ተቀመጪ» ሲላት «ኧረ እትዬ ይጠሩኛል» ትለዋለች፤ እትዬ የምትላት እናቴን ነው።

አጎቴ ተረት ሲያወራ እጁ ሥራ አይፈታም ነበር። ሳህን ላይ ውሃ ያደርግና ቁንዶ በርበሬ ነስንሶበት «እነዚህ አገሩን የወረሩት ሽፍቶች ናቸው» ይለናል። ከዚያ አንዲት ደፋር ሴት ትመጣለች፤ ሴትየዋ በጣቱ ጫፍ ላይ ያለች ቅንጣት ሳሙና ናት። ጣቱን መሃል ላይ ሲነክረው ያ ሁሉ ሽፍታ ወደ ሳህኑ ዳር እግሬ አውጪኝ ይላል፣ እኛም ጣራው እስኪነቃነቅ እንጮሃለን። ሌላ ቀን ውሃ ባለበት ሳህን መሃል በቆመች ሻማ ላይ ብርጭቆ ይደፋባታል፤ ነበልባሏ ትንሽ ትንፈራገጥና ትጠፋለች፣ ውሃው ደግሞ ማንም ሳይነካው ብርጭቆው ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ይህም ለብቻዬ ልተንፍስ ስላለ ንጉሥ የሚያወራ ተረት ነበረው። የቀለጠው ሰም ሽታና የከሰሉ ሙቀት አንድ ላይ ሆነው እንቅልፍ ያመጡብኝ ነበር፤ እኔ ግን ዐይኔን በግድ እገልጠዋለሁ። ሲጨርስ ደግሞ እንደሌላው ተረት ነጋሪ ዳቦ አይጠይቀንም፤ «እኔን አትመኑኝ፣ ነገ ወጥ ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት» ይለን ነበር። አቤት ስወደው! አባቴ ሱቁን ዘግቶ ከለቡ የሚመጣው መሽቶ ስለነበር፣ ያኔ የማውቀው ትልቅ ወንድ ቢኖር አጎቴ ነው።

ከሁሉ የምወዳት የአታላዩን ጠንቋይ ተረት ነበረች። አንድ ጠንቋይ በየመንደሩ እየዞረ ቢጫ ጨርቅ ያስጨብጣል፤ ጨርቁ እጁ ላይ የቀላበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይባረራል። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ ትነሳና «ይህ እኮ እርድ ነው!» ትላለች። አጎቴ እዚህ ላይ ሲደርስ በእርድ የነከራትን ነጭ እራፊ ከጠረጴዛው ሥር ያወጣታል። በልብስ ሳሙና ሲያሸው እራፊው ደም ይመስላል፤ ሎሚ ሲጨምቅበት ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። በተረቱ ውስጥ ልጅቷ ይህንኑ ስታሳይ የመንደሩ ሰው «ለካ!» ብሎ ጠንቋዩን በድንጋይ ያባርረዋል።

«ኧረ ይሄንንማ እኔም አውቀዋለሁ ጋሼ!» አለች አስካለ አንድ የክረምት ምሽት ከበሩ ላይ ሆና። «አልጫ የነካው ልብስ ሳሙና ሲያገኘው ደም መስሎ ቁጭ ይላል። እትዬ በዚህ ስንቴ ተቆጥተውኛል!»

«ይኸው!» አለ አጎቴ። «እኔ ስንት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትን ይቺ በሳፋ አገኘችው።» አስካለ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ያ ክረምት እንዳለፈ የእናቴ የጋብቻ ቀለበት ጠፋ። ፀጉሯን ልትቀባ አውልቃ አስቀመጠችው፣ ስትመለስ የለም። ቤቱ ተገለባበጠ፣ ፍራሽ ተነሳ፣ የሽሮው ዕቃ ሳይቀር ተደፋ። አስካለ አብራ ስትፈልግ በጉልበቷ እየዳኸች አልጋ ሥር ሁሉ ገብታለች። ቀለበቱ ሲታጣ የእናቴ ዐይን እሷ ላይ አረፈ። አባቴ «ሳታዪ ሰው አትጠርጥሪ» ቢላት፣ «እሺ፣ ሁላችንም እንፈተናለና!» አለች። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አንድ አዋቂ የሚባል ሰው አውቃለሁ ብላት ኖሯል፤ ሌባ በማውጣት የታወቀ። አባቴ ነገር ሲበዛበት እንደልማዱ ሱቁ ሄደ።

ሰውየው የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ንጹሕ የለበሰ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ፊቱ የማያስፈራ ሰው ነበር። ሳሎን ገብቶ ሳህን አስመጣና እርጥብ ቢጫ እራፊዎች ደረደረ። እኔ ገና ሳያቸው ልቤ ዘለለ። ሽታው ራሱ የወጥ ቤታችን እርድ ነው! አጎቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም እራፊዎቹን እያየ ነበር።

«አስካለ! ነይ!» ተባለ። አስካለ ከጠዋት ጀምሮ የቤቱን አንሶላ በሙሉ ስታጥብ ነው የዋለችው። ሳትለቃለቅ፣ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ሮጣ መጣች። ሁላችንም አንድ አንድ እራፊ አነሳን፣ ጨበጥን፣ ሰውየው አነበነበ፣ «ክፈቱ» አለ። የእናቴ ቢጫ። የእኔ ቢጫ። የአጎቴና የወንድሜም ቢጫ። አስካለ እጇን ስትከፍት እራፊው ቀልቷል።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች። «ያበላሁት እጅ! ልጆቼን ያሳቀፍኩት እጅ!» አስካለ አልጮኸችም፣ አልማለችም፤ መዳፏን ብቻ ትኩር ብላ ታየዋለች።

እኔ አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር ብል ይታመናል? የተረቷን ልጅ የመሆን ተራው ደረሰኝ ብዬ ነበር። ወጥ ቤት ሮጬ ሳሙናና ሎሚ አመጣሁ፣ በገዛ እራፊዬ ላይ ሳሙናውን አሸሁት፣ ቀላ። «አያችሁ? እኔም ሌባ ነኝ ማለት ነው?» ብዬ ሎሚውን ጨመቅኩበት፣ ቢጫ ሆነ። «ሳሙና ነው! ልብስ ስታጥብ ነበራ!» አልኳቸው። ከዚያ «ለካ!» እስኪሉ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሰውየው ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። «ሳሙናውን ማነው ሲይዘው የዋለው?» አለ ለእናቴ ዝግ ብሎ። «የሌባዋ እጅ የነካውን ልጅቷ ነካችው። ርኩሰቱ ወደ ልጅሽ እየተሻገረ ነው።» እናቴ ሳሙናውን ከእጄ ላይ መትታ ጣለችውና እኔን ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ። እንደዚያ ስትንቀጠቀጥ አይቻት አላውቅም። ታዲያ ይህች እናቴ እኮ ናት፣ ነጠላዋ ላይ አልጫ ጠብ ባለ ቁጥር «ሳሙና እንዳታስነኪው፣ ይቀላል!» እያለች የምትጮኸው! ታውቀዋለች። ቤቱ ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም።

«አጎቴ፣ ንገራቸዋ!» አልኩ። «አንተ አይደለህ ያሳየኸን?»

እናቴም ዞረችበት። «እስቲ አንተ የተማርክ ነህ። ምን ትላለህ?» አለችው። አጠያየቋ ግን የጥያቄ አልነበረም፤ የሰርቪሷን ቁልፍ የያዘ ሰው አጠያየቅ ነው፤ ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔን አላየም፣ አስካለንም አላየም። «እንግዲህ እትዬ ሰናይት…» አለ፣ «ሳይንስ የማይደርስበትም ነገር አለ።»

በቃ። በዚያች ቃል አለቀ። አስካለ ልብሷን በፌስታል ሰብስባ ያጠበችው አንሶላ ገመድ ላይ ሳይደርቅ ወጣች።

በዚያው ሳምንት መብራት ሲጠፋ ብቻዬን ወደ ሰርቪሷ ሄድኩ። ሻማው በርቷል፤ ምድጃውን የሚያመጣለት ስለሌለ ክፍሉ ቀዝቅዟል።

«ታውቅ ነበር አይደል?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያስ?»

ከጣሳው ክዳን ላይ የደረቀውን ሰም በጥፍሩ ፋቀ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል ልጄ» አለ በመጨረሻ። «እናትሽን ተቃውሜ ነገ የት ልደር? ስታድጊ ይገባሻል። ዝም አይነቅዝም።»

አደግሁ፣ ገባኝም፤ አላዘንኩለትም። ዝም ይነቅዛል! እሱ ዘንድ ነቅዞ፣ እኔ ዘንድ ነቅዞ፣ የቤታችንን ሰው ሁሉ በልቶታል። ተረቱን ግን አላቆመም። ወንድሜ ትንሽ ስለነበር መሄዱን ቀጠለ፤ እኔ በጨለማ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ የሁለቱን ሳቅ በጓሮ በኩል እሰማ ነበር። ሰው እንዴት እንደዚያ ይስቃል?

ቀለበቱ በዓመቱ ተገኘ። እናቴ ሶፋ ስትቀይር ተሸካሚዎቹ አሮጌውን ሲገለብጡት ከስፌቱ ውስጥ ጠብ አለ። አንዱን ጎን ይዞ የነበረው አጎቴ ነው፤ ወለሉን አይቶ ወዲያው ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ። እናቴ ቀለበቱን በቀሚሷ ጠርጋ «ተመስገን!» ብላ አጠለቀችው።

«አስካለ አልወሰደችም ማለት ነው» አልኩ።

«ይህን ባትወስድ ሌላ ነገር ወስዳ ይሆናላ» አለች እናቴ፣ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ ቀለበቷን እያየች። «ጨርቅ እኮ ዝም ብሎ አይቀላም።»

አስካለን የፈለጋት የለም። አዋቂ ያወጣት ሌባ ናት የተባለችን ልጅ በእኛ ሰፈር ማን ቤቱ ያስገባል? ለቡ አካባቢ ግንበኛ ሥር ድንጋይ ስታቀብል አየኋት ያለ ሰው ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እኔ ዛሬ ፉሪ ነው የምኖረው። ባለፈው ልጄ ከትምህርት ቤት «በቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ» ተብሎ ተሰጥቷት ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየች እርድ በጥብጣ፣ ወረቀት ነክራ፣ ሳሙና አስነካችው። «እማዬ! ቀላ! ቀላ!» እያለች ስትጨፍር ጎበዝ ማለት ነበረብኝ፤ ብያታለሁም። ከዚያ ዕቃ የማጥብ መስዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ያን ጊዜ የመጣብኝ ሰውየው አይደለም፣ እናቴም አይደለችም። ያ ቅዳሜ አስካለ ከግቢ ስትወጣ ተከትያት ሮጬ ነበር። ታክሲ መያዣው ጋ ደረስኩባት። ቀኝ እጇን ጨብጣ ደረቷ ላይ ይዛው ነበር፣ እንደታመመ እጅ። ቀሚሷን ይዤ «ሳሙናው ነው አስኩዬ! አንቺም እኮ ታውቂዋለሽ! አጎቴ ሲያሳየን በሩ ላይ ነበርሽ!» አልኳት።

አጎንብሳ እንባዬን በሻሿ ጫፍ ጠረገችልኝ። «ያ ተረት ነው ሚሚዬ» አለችኝ። «ሳሙና ቢሆንማ ጋሼ ይናገሩልኝ ነበር። እሳቸው ያውቃሉ።» ከዚያ የተጨበጠውን እጇን እያየች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ፣ «ሳላውቀው ወስጄው ይሆናል» አለችና ታክሲው ውስጥ ገባች።