አመድ ነስንሺበት

ሳን ሆዜ የተከራየሁት ቤት ጓሮ ውስጥ ጉንዳን የፈላው እናቴ አዲስ አበባ ታማ በተኛችበት ሰሞን ነው። ለገና ሄጄ ላያት ወስኜ፣ ሚልፒታስ ከምሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ አግኝቻለሁ። እስከ ገና ትቆይልኛለች ወይ ከሚለው ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ጉንዳኑንም ልብስ ላሰጣ ወጥቼ እግሬን እስኪለበልበኝ ድረስ ልብ አላልኩትም።

አከራዬ ካውንቲ ለሚባለው የአካባቢው አስተዳደር ደውሎ ነገራቸው፤ እነሱም አንድ ሰውዬ ላኩልኝ። ሰውዬው ኩይሳዎቹን በእንጨት ነካ ነካ አደረገና ይሄ ተራ ጉንዳን አይደለም፣ ፋየር አንት፣ የእሳት ጉንዳን፣ የሚባለው ነው፣ ከውጭ አገር የመጣ ነው አለኝ። "ከውጭ አገር የመጣ" ካለ በኋላ ዓይኔን አየና ትንሽ አፈረ። እኔን ግን አልከፋኝም። በየኩይሳው አጠገብ ትንንሽ ባንዲራ ተከለ፣ መርዝ የተለወሰበት ፍርፋሪ በተነ። ራሳቸው ተሸክመው ወስደው ንግሥታቸውን ያበሏታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አትንኪያቸው፣ ውሃም ሆነ ሌላ ነገር እንዳታፈሺባቸው፣ ከተነካኩ ንግሥታቸውን ይዘው ቤት ይቀይራሉ ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ካርድ ወንድሜ ጋ እደውላለሁ። እማዬስ ስለው "ደህና ናት፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት" ይለኛል። ሌላ የምለው ሲጠፋኝ የጉንዳኑን ጉድ አወራሁለት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስደውል ሳልጠይቀው፣ ስለ ጉንዳኑ ለእማዬ ነገርኳት፣ አመድ ነስንሺበት በላት ብላለች አለኝ። ደስ አለኝ። ስለ ጉንዳን የምትመክር ሰው በቅርቡ አትሞትም ብዬ አሰብኩ።

ምድጃዬ የኤሌክትሪክ ነው፤ አመድ ከየት ይመጣል? ሰንበት በመጣ ቁጥር ግቢው ውስጥ ሥጋ የሚጠብሰውን ቬትናማዊ ጎረቤቴን ለመንኩት። ለምንሽ ነው ሳይል በላስቲክ ሞልቶ ሰጠኝ። ኩይሳዎቹንም የሰውዬውን ፍርፋሪም አመድ በአመድ አደረግኋቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብመለከት ጓሮው ጭር ብሏል። ለወንድሜ ደውዬ፣ ሠርቷል ብለህ ንገራት አልኩት። እነግራታለሁ አለኝ።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከደጅ ኮቴ ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ከፊት ለፊት ያለው ሳር ላይ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ድምፁ እንዳይቀሰቅሰኝ መኪናቸውን ሌላ መንገድ ላይ አቁመው፣ ከኦክላንድ የሚመጡት ስለዘገዩባቸው እነሱን ሲጠብቁ ነበር። የቆሙት ግን አርፈው አይደለም። አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ቁርጭምጭሚቱን ይመታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያራግፋሉ። እዚህ አገር ስገባ ኤርፖርት መጥተው የተቀበሉኝ፣ ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ጫማቸውን አውልቀው በአንድ እግራቸው ቆመው የጎረቤቴን አጥር ይዘዋል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ደጅ ላይ አይጮህም።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ለምን እንደመጡ ገባኝ። ሳቁም ቀረ፣ ለቅሶውም አልመጣ። ለካ ጉንዳኑ አልሞተም፤ አመዱን ሸሽቶ ከጓሮ ወደ ፊት ለፊቱ ሳር ተዛውሮ ኖሯል።

በሩን ከፍቼ ወደ ሲሚንቶው ኑ፣ እዚያ ጉንዳን አለ አልኳቸው። ጋሼ ግድ የለም ልጄ፣ ግቢ አሉኝ። ሁላችንም ገባን። ሰዎቹ በወጉ መሠረት እኔን አስቀምጠው ሊከቡኝ ሲሉ፣ እኔ ሳፋ ውሃና ሳሙና ይዤ ጋሼ እግር ሥር ተንበረከክሁ።

"ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል" አሉኝ።

"ካልሲዎን ያውልቁ፣ ጋሼ። ውስጡ ይቀራሉ" አልኳቸው።

ሴቶቹ እሪ አሉ። ራሴን መሬት ላይ ብጥል የምትይዘኝ አንዲት ጠንካራ ሴት ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ሥራ ሳላስይዛት ቀረሁ። ከፍሪዘር በረዶ አውጥቼ ለየእግሩ አደልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ተሰምቶኛል ብል ውሸት ነው።

ለቀስተኛው ቀን ከሌት ይጎርፍ ጀመር። እኔ መሬት ፍራሽ ላይ ስለተቀመጥኩ የማየው የሰው እግር ነው። ያን ዕለት ሳሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ መግል የቋጠረ ነጭ ብጉር ወጥቶባቸዋል። ለቅሶ ቤት እግር ማከክ ያሳፍራል መሰለኝ፣ አንዱን እግራቸውን በሌላው እየደበቁ ያሻሻሉ። ሴቶቹ አታፍኚው፣ አልቅሺ ይውጣልሽ ይሉኛል። እሺ እላለሁ። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም፤ ስለ ሌላ ሰው እናት የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ስለ አርባዋ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። የፊታችን ቅዳሜ ይውላል አሉ። መርዶ ዘግይቶ እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ ይሄን ያህል ግን አልጠረጠርኩም ነበር። ወደ ኋላ ስቆጥረው፣ አመድ ነስንሺበት ብላለች በተባልኩበት ቅዳሜ እናቴ ተቀብራ ነበር።

ሰው ቀለል ሲል ስልኩን ይዤ መኝታ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ድምፄን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

"አመዱን ማን ነው ያለው?" አልኩት።

"እኔ ነኝ። አንቺ ስለ ጉንዳኑ ስትነግሪኝ ሕመሙ ጠንቶባት ነበር፣ ሳልነግራት አረፈች። ብነግራት ምን ትል ነበር ብዬ ሳስብ እሱ መጣልኝ" አለኝ።

አልተቆጣሁትም። እንደዚያ ነበር የምትለው፤ ሌላ ነገር አትልም ነበር። ካርዱ ሊያልቅ መሆኑን የሚናገረው የተቀዳ የሴት ድምፅ መሐላችን ገባ።

"እሷ እንደምትለው አድርገህ በለኝ" አልኩት።

ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ድምፁን እንደ እሷ ቀጠን አድርጎ፣ "አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ አመድ ነስንሺበት!" አለኝ። ድገምልኝ አልኩት። ሲደግምልኝ ካርዱ አለቀ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ከኋላዬ የሚይዘኝ ሰው ግን አልነበረም።